የጎረቤታችን ወተት

አንባብያን ሆይ፤ ከመካከላችሁ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ የሚነፋና የሚጮኽ ሰው ቢኖር ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ። ሆዱ ጤነኛ የሆነውም ቢያነበው አይጎዳም፤ ጎረቤት የሌለው ሰው የለምና።

ነገሩ የጀመረው በሰባት ዓመቴ ነው። ከአጥራችን ማዶ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ሁለት ላሞች ስለ ነበሯቸው ጧት ጧት አሁን የታለበ ወተት በጣሳ አድርገው ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ያመጡልን ነበር። ወንድሜ ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እኔ ግን ብዙም ሳልቆይ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ይቆርጠኛል፤ የቀረውን አልናገርም። አያቴ ዘንድ ስሄድ ደግሞ እርጎውንም ዐይቡንም ስበላ ውዬ አንዳች አልሆንም። በሕፃንነቴም ጡት ጠብቼ ደኅና አድርጌ አድጌአለሁ።

እናቴ ይህን ሁሉ ባንድነት መረመረችና ፈረደች። ወተት የማይስማማኝ ቢሆን ኖሮ በሕፃንነቴ በጎዳኝ ነበር፤ ወተቱ የተበላሸ ቢሆን ወንድሜም በታመመ ነበር፤ እንግዲህ የቀረው የሰጪዋ ዐይን ነው። «ልጄን በሉብኝ» አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ቡናው ቀረ፤ ሰላምታውም ቀረ፤ በአጥሩ ላይ የነበረችው ትንሽ መሽሎኪያ በእሾህ ተዘጋች። ባልቴቲቱ በምን እንደ ተጠሉ እንኳ የነገራቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እናቴን ሞኝ ናት አትበሉብኝ። በእጇ ካለው ማስረጃ ተነሥታ ደረጃ በደረጃ የደረሰችበት ፍርድ ነው። በመሥሪያ ቤት ከዚህ በሚያንስ ማስረጃ ሰው ሲቀጣ አይቻለሁ። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱንም እኔ ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ማታ ማታ ስማር፥ በሥነ ሕይወት ትምህርት ሰዓት ነው።

መዝገብ ቤት የሠራችሁ ሁሉ እንደምታውቁት ዋናው ሰነድ ከክፍሉ አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ ነው። በሴላችንም ውስጥ እንዲሁ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ረጅም ክር ዋናው መዝገብ ሲሆን፥ በአራት ፊደላት ብቻ ተጽፏል። አንድ ጂን ሥራ እንዲሠራ ሲፈለግ ግልባጩ በአር.ኤን.ኤ. ተጽፎ ይወጣና በዚያ ትእዛዝ ፕሮቲን ይሠራል። የጉበት ሴልና የአንጀት ሴል የያዙት መዝገብ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚገለብጡት ገጽ ነው። ታዲያ ይህ ገጽ ይገልበጥ፥ ያኛው ይቆይ ብሎ የሚያዝዘው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ የፈቱት ሰዎች የጀመሩት ከወተት ስኳር መሆኑን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ዣክ ሞኖ የተባለው ፈረንሳዊ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለባክቴሪያዎች ሁለት ዓይነት ስኳር ቀላቅሎ ሲሰጣቸው፥ አንዱን ጨርሰው ከበሉ በኋላ ጥቂት ጊዜ እድገታቸውን አቁመው ይቆዩና ሁለተኛውን ይጀምራሉ። ያ የመቆያ ጊዜ አዲስ መሣሪያ የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። ከእርሱ ጋር በፓሪስ በፓስተር ተቋም የሠራው ፍራንሷ ዣኮብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን ይማር የነበረ ሰው ነው፤ በ1944 በኖርማንዲ ጦርነት ክፉኛ ቆስሎ ያ ምኞቱ ስለ ቀረ ወደ ምርምር ገባ። ሁለቱ በ1961 ያወጡት ጽሑፍ በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኘላቸው ሥራ ዋናው ነው።

ያገኙት ነገር ይህ ነው። ኢ.ኮላይ የተባለችው በአንጀታችን የምትኖር ባክቴሪያ የወተትን ስኳር የሚሰነጥቅ ኤንዛይም የሚሠራ ጂን አላት። በዚያ ጂን መግቢያ ላይ አንድ ከልካይ ይቀመጣል፤ ገልባጩ መጥቶ እንዳያልፍ መንገዱን ይዘጋበታል። የወተት ስኳር ወደ ሴሉ ሲገባ ከእርሱ ጥቂቱ ተለውጦ በከልካዩ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ጊዜ የከልካዩ ቅርጽ ይለወጥና ክሩን ይለቃል፤ መንገዱም ይከፈታል። ስኳሩ ሲያልቅ ከልካዩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከልካዩ ፕሮቲን መሆኑን በ1966 ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር ሂል በሃርቫርድ ለይተው አወጡት። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ በአንዲት ባክቴሪያ ውስጥ ያሉት ከልካዮች ዐሥር ያህል ብቻ ናቸውና። እነዚህ ጥቂቶች 4.6 ሚሊዮን ፊደል ካለው ክር ውስጥ ሃያ አንድ ያህል ፊደል የሆነችውን መቀመጫቸውን ፈልገው ያገኛሉ! እኔ አንድ ፋይል ፈልጌ ለማግኘት ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ።

የከልካዩ መነሣት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ግሉኮስ ሲጠፋ በአጠገቡ ተቀምጦ ገልባጩን የሚጋብዝ ሌላ ፕሮቲን አለ። የቀለለ ምግብ እያለ ባክቴሪያዋ በወተት ስኳር አትደክምም።

በሰው ዘንድ ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም መሠረቱ ያው ክሩን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሕፃን ሳለን ላክቴዝ የተባለው ኤንዛይም በአንጀታችን በብዛት ይሠራል። ጡት ከጣልን በኋላ ግን ከዓለም ሰዎች በሚበዙት ዘንድ ግልባጩ እየቀነሰ ይሄዳል። ገጹ አልተቀደደም፤ መገልበጡ ነው የቀረው። ያልተሰነጠቀው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል፤ ከበሮውን የሚነፋው ከእነርሱ የሚወጣው ጋዝ ነው። እርጎ ግን ሲረጋ ስኳሩን ገና በቅሉ ውስጥ ሳለ ባክቴሪያዎች በከፊል ስለ በሉት አያስቸግርም። የአያቴ ቤት ምስጢር ይህ ነበር።

ወንድሜስ? በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ፊደል ተለውጧል። በአውሮፓውያን የታወቀችው ለውጥ በ2002 የተገኘች ሲሆን፥ ቦታዋ ከላክቴዝ ጂን መነሻ 13,910 ፊደል ርቆ፥ ያውም በጎረቤት ጂን ውስጥ ነው። ፊደሏ ስትለወጥ ኦክት 1 የተባለ ፕሮቲን በዚያ ቦታ ይበልጥ ይጣበቃል፤ ጂኑም በአዋቂነት መገልበጡን ይቀጥላል። በአገራችን አንድ ብቻ ሳይሆን ልዩ ልዩ ለውጦች ተገኝተዋል፤ በአፋሮች ዘንድ የበዛችው 13,907ኛዋ ላይ ያለችው ናት። አንድ ቅጂ ከአንድ ወላጅ መውረስ ይበቃል። ወንድሜ ከአባታችን ወርሷት እኔን አልፋኝ ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። ፊደሉንም ፕሮቲኑንም ትቼ፥ «እማዬ፥ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር በእኔ ሆድ ውስጥ መሠራቱን አቁሞ ነው፤ በማንም ዐይን አይደለም» አልኋት።

እንዝርቷን አስቀመጠች። «ወንድምህስ?»

«ከአባባ የወረሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«የአባትህ ወገኖች ወተት ሲጠጡ መች ይጠግባሉ» አለችና ዝም አለች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቃል አልተናገረችም። ባልቴቲቱ ላሞቻቸውን ሸጠው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሕይወት መኖራቸውን ግን ከዘመድ ሰምተናል።

«የደብረ ብርሃን አውቶቡስ የሚነሣው ከየት ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

ነገርኋት። ቅዳሜ አብሬአት እሄዳለሁ። አንድ ኪሎ ቡና ገዝታ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከአልጋዋ ራስጌ አስቀምጣለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን እስከ ዛሬ ማታ አልነገረችኝም።