ቤት ለእምቦሳ፦ ለአዲሱ ዓመት የቤት ማስዋቢያ ከላስታ ደጋ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በብዙ ቤቶች አንድ ጨዋታ ይነሣል። “ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ምን እናድርገው?” የሚል ነው። የግድግዳው ቀለም ተቀርፏል፣ መጋረጃው ደብዝዟል፣ ሶፋው መሐሉ ጎድጉዷል። ስልክ ሲከፈት ደግሞ “የሚመጣው ዓመት ፋሽን ይህ ነው” የሚሉ ፎቶዎች ይጎርፋሉ። ታዲያ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ዕቃ ቤቶች ከመውጣታችሁ በፊት በሐሳብ ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ላስታ ደጋ አብራችሁን እንድትጓዙ እንጋብዛችኋለን።

ፋሽኑ ምን ይላል?

ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ የቀለም ድርጅት በየዓመቱ “የዓመቱ ቀለም” ብሎ አንድ ቀለም ይሰይማል። እ.ኤ.አ. ለ2025 የመረጠው “ሞካ ሙስ” የተባለ፣ ቡናና ቸኮላት የሚያስታውስ ለስላሳ ቡናማ ነበር። ለ2026 ደግሞ “ክላውድ ዳንሰር” ያለውን ነጭ መርጧል። ከቀለም ባሻገር የውጭ አገር የቤት ማስዋብ ባለሙያዎች በነዚህ ዓመታት ደጋግመው የሚያነሧቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፤ የአፈር ቀለም፣ ያልተላገ ድንጋይና እንጨት፣ ሻካራ የኖራ ግድግዳ፣ ክብ ቅርፅ፣ የእጅ ሥራ፣ ከበግ ጸጉር የተሠራ ጨርቅ።

ይህን ዝርዝር ለአንድ የላስታ ገበሬ ብታነቡላቸው “የእኔን ቤት ነው እንዴ የምታወሩት?” ቢሉ አይፈረድባቸውም።

በመቀነስ የተሠራች ከተማ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል። በመኪና ከሆነ ከወልድያ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ ትገባላችሁ። በአውሮፕላን ከሆነም ከማረፊያው ሜዳ ወደ ከተማዋ በጠመዝማዛ መንገድ ትወጣላችሁ። መሬቱ ቀይ ነው፣ ድንጋዩ ቀይ ነው፣ ግድግዳውም ቀይ ነው።

ዓለም የሚያውቃት ከአለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የየትኛውም ቤተ እምነት ምእመን ብትሆኑ በጠርዙ ቆማችሁ ቁልቁል ቤተ ጊዮርጊስን ስታዩ አንድ ነገር ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የጨመረ ሰው የለም። ሠሪዎቹ የማይፈለገውን አለት እየፈለጡ አወጡ፣ የቀረው ሕንጻ ሆነ።

እኛ ቤት ስናሳምር ግን የምናስበው ምን እንጨምር ብለን ነው። በጠባቡ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ኤል ቅርፅ ያለው ትልቅ ሶፋ፣ ቡፌ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ሰው ሠራሽ አበባ፣ ከላይ ባለ መብራት የጂብሰም ኮርኒስ እንደረድራለን። ከዚያ ልጆች የሚጫወቱበት፣ እንግዳም የሚያልፍበት ቦታ ይጠፋል። እንግዲህ የመጀመሪያው የላስታ ምክር ይህ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት አውጡ። አንድ ቅዳሜ ተመካከሩና በዓመት ውስጥ ያልተነካውን ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ አውጡት። የሚያስፈልገው ይመለስ፣ ሌላው ለሚጠቅመው ሰው ይሰጥ። ብዙ ጊዜ አዲስ ፋሽን ነው ብለን የምንናፍቀው ባዶ ቦታን ሆኖ ይገኛል።

ባለ ደርቡ የላስታ ቤት

ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ያለው የጥንቱ መንደር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የላስታ ቤት ክብ ነው፤ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ሣር የለበሰ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ደርብ ነው። ከታች ከብት ያድራል፤ ሰው በድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የፀሐይ ሙቀት ይጠጣና ለብርዳማው ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ከታች ያለው የከብት ትንፋሽም ያግዛል። አዲስ ቤት ስንገባ “ቤት ለእምቦሳ” እንላለን፣ ባለ ቤቶቹም “እምቦሳ እሰሩ” ብለው ይመልሳሉ። ይህ ቃል እዚህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ እምቦሳው በእርግጥ ከታች ታስሮ ይሰማል።

በደጋው ገጠር ቤት ውስጥ ለመታየት ብቻ የተቀመጠ ዕቃ አታገኙም። መቀመጫው ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራ መደብ ነው፤ ላዩ ላይ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፍበታል። ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ በእጅ ተለስልሷል። በላዩ የተሰቀለው ሰፌድ ጌጥ ነው፣ ነገ ግን እህል ይበጠርበታል። በአለላ ያሸበረቀው መሶብ ውበት ነው፣ ማታ ግን እንጀራ ይቀርብበታል።

ነገሩን አስውበን ብቻ እንዳናወራ ደግሞ እውነቱን እንናገር። በሣር ቤት ውስጥ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ብርሃን ያንሳል፣ ክዳኑም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ብዙዎች ወደ ቆርቆሮ የተሻገሩት ይህን ድካም ስለሚያውቁ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦችም ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስለዚህ የምንወስደው ጭሱን አይደለም፤ “ያማረ ነገር ሥራም ይኑረው” የሚለውን ደንብ ነው።

ወደ ሳሎናችሁ ሲመጣ

1. ከግድግዳው ጀምሩ። ሳሎኑን በሙሉ በውድ ወረቀት ከመለጠፍ አንዱን ግድግዳ ብቻ በቀይ አፈር ወይም በቡና ቀለም ቀቡ፤ ሌሎቹ ነጭ ይሁኑ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ጥቁሩን ቀለም ከመስኮቱ ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ብርሃኑን ይውጥባችኋል።

2. መደብን አስቡ። አዲስ አበባ ውስጥ “አረቢያን መጅሊስ” የሚባለው ዝቅ ያለ መቀመጫ ብዙ ተወዳጅ ሆኗል። በመሠረቱ የእኛው መደብ ዘመድ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሠራ፣ ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው የእንጨት መደብ ለሠፈር አናጺ ማሠራት ይቻላል። ከማዘዛችሁ በፊት ስፋቱን በሜትር ለክታችሁ በወለሉ ላይ በጋዜጣ አንጥፉትና አንድ ቀን በዙሪያው ተመላለሱ። የሚያደናቅፍ ከሆነ ይጥበብ።

3. የደጋውን ጨርቅ ተጠቀሙ። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ ጸጉር ተነድፎና በእንዝርት ተፈትሎ ባና ይሠራል። በተፈጥሮ ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ነው፤ በመቀመጫ ላይ ሲጣል ከማንኛውም ቀለም ጋር ይስማማል። ብል እንዳይበላው በየጊዜው አራግፋችሁ በፀሐይ አስጡት።

4. ስፌት ስቀሉ። መጠናቸው የተለያየ ሦስት ወይም አምስት ሰፌዶች አንድ ላይ ተሰባስበው ሲሰቀሉ ከትልቅ ሥዕል ይልቅ ያምራሉ። የሚረጥብ ግድግዳ ላይ አትስቀሏቸው፣ ይሻግታሉ። ቀጥተኛ ፀሐይም የአለላውን ቀለም ያደበዝዛል።

5. ቅርስን ለጌጥ አትግዙ። አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ ወይም ጥንታዊ ሥዕል “ርካሽ ነው” ተብሎ ቢቀርብላችሁ እምቢ በሉ። የሕዝብ ሀብት ነው፣ በሕግም የተጠበቀ ነው።

የሰፊዋ ድርሻ

ይህ የጌጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተፈራረቀች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ስፌት የምትሰፋ እናትና ሸማኔ ጎረቤቷ ገበያ ያጡት ሙያቸው ስለ ደከመ አይደለም፤ የሚገዛ ስላልመጣ ነው። አንድ ትልቅ መሶብ ለመስፋት ሳምንታት ይፈጃል። ከውጭ ለሚመጣ የፕላስቲክ አበባ ሳንከራከር የምንከፍለውን ገንዘብ ለዚህ ልፋት ስንሆን ለምን እንሰስታለን? ወደዚያ መጓዝ ባትችሉ እንኳ የወሎን የእጅ ሥራ ከሚያመጡ ነጋዴዎች ጠይቁ፣ ከየት እንደ መጣም አረጋግጡ።

ለባለ ትዳሮች አንድ ቃል

ብዙ ጊዜ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤት ውስጥ የሚነሣው ቅያሜ መነሻው የሌላ ሰው ሳሎን ነው። “እነ እገሌ ለውጠዋል” ሲባል አንዱ ይከፋል፣ ሌላው ተበድሮ ይገዛል፤ ሶፋው ሳያረጅ ፍቅሩ ይደክማል። በመሆኑም ከእቁብ የወጣውን ገንዘብ ከመንካታችሁ በፊት ሁለታችሁም ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የወላጆች ድጋፍ ይቅደም። ከዚያ የተረፈው ስንት ነው? በእርሱ የሚሆነውን አንድ ነገር አብራችሁ ምረጡ፣ የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ይደር።

የላስታ ሰው እንግዳ በደጁ “ቤቶች!” ሲል የሚመልሰው “ቤት ለእንግዳ!” ብሎ ነው። መደቡ ላይ ሸርተት ብሎ ቦታ ይለቅለታል እንጂ “ቤቴ አልተሰናዳም” ብሎ አያሳፍረውም። ለሚመጣው ዓመት የምታስተካክሉት ሳሎንም ሰው ያለ ሐሳብ የሚቀመጥበት፣ ልጆች “አትንኩ!” ሳይባሉ የሚጫወቱበት ይሁን።

አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ! እምቦሳ እሰሩ!