ሞንታርቦም ልክ አለው



ከእናንተ መካከል በሰፈሩ መስጂድ «ድምፁን አንተ ያዝ» የተባለ ወጣት አይጠፋም። እኔም በጋምቤላ ከተማ ለዓመታት የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። በዳዕዋ፣ በኒካሕ፣ በረመዳን ሌሊቶችና በኢድ ሜዳ ሞንታርቦ አቆማለሁ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ሊሚተር ስለሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው።

ስፒከር በተቃጠለ ቁጥር የምሰማው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ሲፈቱ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን የሞቱት በሙቀት ነው። ወደ ተለመደው የሳጥን ስፒከር ከሚገባው ኃይል ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ውስጡ ያለውን የቀጭን ሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉን፣ ያሞቀዋል። ሙጫው ሲለቅና የሽቦው ሽፋን ሲቃጠል ስፒከሩ አበቃለት። ጋምቤላ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ሳጥን ማይኩ ሳይከፈት ሞቋል።

በዚህ ላይ ፕሮግራሙ ሲሞቅ «ጨምር! ጨምር!» ይመጣል። ድምፅ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈልጋል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ክሊፕ አደረገ የምንለው ይህንን ነው። ያኔ ድምፁ ይሻክራል እንጂ እምብዛም አይጨምርም። ኮይሉ ግን ክፉኛ ይግላል፣ በተለይ የቱዊተሩ። ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማም።

ሊሚተር የሚቀመጠው በሚክሰሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው። ድምፁ የተወሰነለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ ወዲያው ይይዘዋል፤ ሲወርድ ይለቀዋል። ማይክ ከእጅ ቢወድቅ ወይም በድንገት ቢያፏጭ ስፒከሩ ይተርፋል።

ጣሪያው በግምት አይደረግም። ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈውን ዋት በኦሙ አባዙትና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። 200 ዋትና 8 ኦም ከሆነ ብዜቱ 1600 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 40። ስለዚህ ወደ ስፒከሩ ከ40 ቮልት በላይ እንዳይሄድ ታደርጋላችሁ። «ፒክ» ተብሎ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር አትታለሉ፤ «አርኤምኤስ» የሚለውን ያዙ። እኔ በበጋ ከዚያም ዝቅ አድርጌ 28 ቮልት ላይ አቆመዋለሁ። ኃይሉ፣ ሙቀቱም አብሮ፣ በግማሽ ይቀንሳል። ከድምፁ የሚጎድለው ግን 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሊሚተር አንድ ድክመት አለው፤ ከእሱ በኋላ የሚሆነውን አያውቅም። እናንተ ጣሪያውን 40 ቮልት ላይ ብትወስኑና ሌላ ሰው የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ቢያዞረው፣ ጣሪያው ሳይታወቅ 80 ሊሆን ይችላል። ያኔ ኃይሉ 4 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ዓመት በኢድ ሰላት የሆነው ይህ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር። አንድ አባት ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ሲያዩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ብለው በቅን ልብ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞሩት። በሁለተኛው ረከዓ ከኋላ ያሉት ስፒከሮች ጸጥ አሉ። ፊት ያለው ሩኩዕ ሲወርድ የኋላው ሰልፍ ቆሞ ቀረ። ከመሀል አንድ ወጣት የኢማሙን ተክቢራ እየተቀበለ ጮክ ብሎ ባያደርስ ኖሮ ሰላቱ ይበጠበጥ ነበር። ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ሙበሊጎች ይሠሩት የነበረውን ነው የሠራው፤ አላህ ይቀበለው። የተቃጠለው ዕቃ ግን ጀመዓው ሳንቲም በሳንቲም አዋጥቶ የገዛው ነበር። ምትኩ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው።

እኚያን አባት የሚወቅስ ልብ የለኝም። የፈለጉት ትክክል ነበር፤ ከኋላ ያለው አይሰማም ነበር። መፍትሔው ግን ቁልፉ ላይ አልነበረም። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ሜዳ ላይ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ የፊቱን ስፒከር ከማስጨነቅ መሀል ሜዳ ላይ ሌላ ስፒከር በልኩ ማቆም ይሻላል። ለሽማግሌዎቻችንም ይህን ከፕሮግራሙ በፊት በአክብሮት ማስረዳት የእኛ የወጣቶች ድርሻ ነው። በፕሮግራም መሀል ማንም ሰው ማብራሪያ አይሰማም።

የመስጂድ ዕቃ አማና ነው። በዚህ ሳምንት የመስጂዳችሁን አምፕሊፋየር እዩት። ሊሚተር ካለው፣ ጣሪያውን አስልታችሁ የቁልፉን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ጎኑ ላይ ለጥፉ። ከሌለው፣ ቀጣዩ መዋጮ ሌላ ስፒከር ከመግዛቱ በፊት በዚህ ይጀምር። ጽሑፉን በመስጂዳችሁ ድምፅ ለሚይዘው ወንድም አድርሱለት። አላህ ያግራልን!