በጣና ላይ ከልጆች ጋር

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ፣ በሥዕሎቿ ወደ ታወቀችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትጓዙ 1 ሰዓት ያህል ውሃ ላይ ትቆያላችሁ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች በአጠገባችሁ ያልፋሉ፤ ልጆችም እየተነሡ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሊነክሩ ይሻሉ። ሰው ከጀልባ የሚወድቀው በማዕበል ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንዲህ ያለው ጸጥታም አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ሲነሣ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሄድና ጀልባው ሲያጋድል ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀመረው ገና ከወደቡ ላይ ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ጀልባው ከመነሣቱ በፊት የሚለበስ እንጂ ከመቀመጫ ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። የልጃችሁን ካሰራችሁለት በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታልና በልኩ የሆነ ጠይቁ።

እናቶች ሆይ፣ ልጅን በጀርባ ማዘል በየብስ ላይ መልካም ልማዳችን ነው። በጀልባ ላይ ግን አንቀልባውን ፍቱት። እናት ድንገት ብትወድቅ የታዘለው ሕፃን አብሯት ይሰምጣልና። ሕፃኑንም በልኩ ጃኬት አልብሳችሁ፣ በጀልባው መካከል ተቀምጣችሁ በጭናችሁ ላይ ያዙት። ነጠላም ውሃ ሲጠጣ ከብዶ እጅና እግር ስለሚይዝ አጣጥፋችሁ አስቀምጡት።

በመንገድ ላይ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ጎራ ያላችሁ እንደሆነ፣ ሴቶች ስለማይገቡ አባት ሲወጣ እናትና ልጆች በጀልባው ዘንድ ይቆያሉ። ልጆች የሚሰለቹትና ጃኬታቸውን ለማውለቅ የሚታገሉት ያን ጊዜ ነው። ጀልባው ቢቆምም ጃኬቱ አይውለቅ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችልም በጊዜ ተመለሱ።

ሰው ከወደቀ «ሰው ወደቀ!» ብላችሁ ጩኹ። የሚሰምጥ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማምና አንዳችሁ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ያለበትን በእጅ አመልክቱ። ሌላው ትርፍ ጃኬት ወይም ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት። ነጂውም ሰውየው አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋ። ተከትሎ መዝለል አንዱን ሐዘን ሁለት ማድረግ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጣናን ለልጆቻችሁ ከማሳየታችሁ በፊት የጃኬታቸውን ማሰሪያ በገዛ እጃችሁ ፈትሹ።