ለጨዋታም ይከፈላል እንዴ?

ይከፈላል! እኛስ ሰፈር ፑሉም ጆተኒውም በሂሳብ አይደል? የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ በየእሁዱ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይጫወታል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጨዋታ ነው። ዳይስ አለው፣ ካርታም ሊኖረው ይችላል፤ ዋናው ግን ወሬ ነው። አንዱ ጦረኛ ይሆናል፣ ሌላዋ ሌባ ትሆናለች። አጫዋቹ፣ «ጌም ማስተር» የሚሉት፣ የቀረውን ሁሉ ይሆናል፦ ንጉሡን፣ ባለ መጠጥ ቤቷን፣ ዘንዶውን... ጦረኛው «በሩን እሰብራለሁ» ካለ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጥላል። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ የሚያውቀው አጫዋቹ ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለት ዓመት በነጻ ያጫወታቸው ጓደኛቸው ከሥራ ተቀነሰና «ከአሁን ወዲያ በሰው 20 ዶላር» አላቸው። አንደኛው «ጓደኝነትን ታክሲ አደረገው!» ብሎ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ ሰው ነሽ፣ እስቲ ፍረጂ።»

መቼም ፍረጂ ከተባልኩ... አምስት ሰው በ20 ዶላር 100 ዶላር ነው። አራት ሰዓት ያጫውታል፤ ታሪኩን ሲያዘጋጅ ደግሞ ሌላ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ሲካፈል በሰዓት 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም! በዚህ ማን ይከብራል? «ስታርትፕሌዪንግ» በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ለማያውቁት አጫዋች 15 እና 20 ዶላር ይከፈላል። ጓደኛ ሲጠይቅ ነው ነውር የሚሆነው? አዝማሪ ግንባር ላይ ብር የምንለጥፍ ሰዎች ይሄ ሊገባን ይገባል።

ክፍያ ግን ጣጣ አለው። የከፈለ ሰው «ለምን ገደልከኝ?» ብሎ ይቆጣል። (ገጸ ባሕርይው ነው የሚሞተው፣ አትደንግጡ።) ያመመው አጫዋችም እንደ ድሮው «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት ያፍራል።

«የቀረው ልጅ ገንዘብ አለው?» አልኩት። ዝም አለ። ለካ ልጁ አዳር እየሠራ እናቱን የሚጦር ነው። በወር 80 ዶላር ለሱ ቀልድ አይደለም። ኩራቱ «የለኝም» አላስብል ቢለው ነው ታክሲ ምናምን ያለው።

«ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አናግረው። የሱን ድርሻ አራታችሁ ቻሉት፤ አጫዋቹም አይጉደልበት» አልኩት። አራቱ 25፣ 25 ዶላር ማዋጣት ጀምረዋል። ልጁም ተነግሮታል። እስካሁን አልመጣም፤ ወንበሩን ግን አላነሱትም።