ወደ አዲስ ዓለም

ቡራዩን ያወቅኋት ገና መንደር ሳለች ነው። ዛሬ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች፤ ቤቶቿም ከአዲስ አበባ ቤቶች ጋር ተያይዘዋል። በልጅነቴ ግን በመካከላቸው የነበረው ባሕር ዛፍ ነበረ። እናቴም ያሳደገችኝ ከዚያ ዛፍ በተገኘ ገንዘብ ነው። ሌሊት ተነሥታ ጭራሮና ቅጠል ትለቅማለች፤ የለቀመችውን በገመድ አሥራና በጀርባዋ ተሸክማ በአስኮ በኩል ወደ ከተማ ትወርዳለች። ማታ በእንጨቱ ዋጋ የሽሮ እህል፣ አንዳንድ ቀንም ለእኔ ደብተር ገዝታ ትመለሳለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ የዐይኗ ሞራ እየከፋ በሄደ ጊዜ፣ «አዲስ ዓለም ማርያምን ሳልሳለም ዐይኔ ሊጠፋ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ የጎረቤት መኪና ተውሼ፣ እርሷን ከጎኔ አስቀምጬ ተነሣሁ። ከቡራዩ እስከ አዲስ ዓለም ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ እናቴ ግን በዚያ ዘመን ሁሉ ከሆለታ አልፋ አታውቅም ነበር።

ለቤት መሥሪያ ድንጋይ የሚፈነቀልበትን ካባ አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን፣ ቀዝቃዛ አየር በመስኮቱ ገባ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ «ገፈርሳ ደረስን» አለች። በእርግጥም የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲያጠጣ የኖረው የገፈርሳ ውኃ በቀኝ በኩል እያብለጨለጨ ነበር። ከዚያ ወዲያ በስተግራ የወጨጫ ተራራ ጫፉን በጉም ሸፍኖ ተከተለን። ከተራራው ማዶ በስተደቡብ ያለችው ሰበታ ናት። ግራና ቀኙ ማሳ፣ ከፊሉ ጤፍ፣ ከፊሉ ስንዴ ነው፤ አልፎ አልፎም የኑግ አበባ ቢጫ ምንጣፍ መስሎ ይታያል። ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት፣ እርሷ ደግሞ በየስፍራው ማን እንጨት ይለቅም እንደነበረ ትነግረኝ ነበር።

አዲስ ዓለምን የፈጠራት የእንጨት ችግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ ለማገዶና ለቤት ሥራ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናመነ። የቀድሞ ነገሥታት በሰፈሩበት አካባቢ እንጨት ሲያልቅ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ልማዳቸው ነበረ። ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ኮረብታ ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ አዲስ ዓለምም ተባለ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከአውስትራልያ የተገኘው፣ ከባሕር ማዶ ስለመጣም ባሕር ዛፍ የተባለው ተክል በአዲስ አበባ መስፋፋት ያዘ። ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማገዶ በመገኘቱ ዋና ከተማዋ ሳትነሣ ቀረች፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ ሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም አዲስ አበባን በስፍራዋ ያጸናት ዛፉ ብቻ አይመስለኝም፤ ዛፉን ተሸክሞ ወደ ከተማ ያወረደው ጀርባም ጭምር ነው እንጂ። ያ ጀርባ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም።

ሆለታ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የገነት ጦር ትምህርት ቤት የነበረው በዚህች ከተማ ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የማስበው ሌላ ነገር ነበረ።

እናንተ ባላችሁበት ዕድሜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከነሸክሟ ከፊት ለፊት ስትመጣ አየኋት። ልብሳቸው ያማረ ጓደኞቼ እናቴ መሆኗን እንዳያውቁ፣ ወደ አንድ ሱቅ መስኮት ዞሬ ዕቃ የምመርጥ መሰልሁ። እርሷም በመንገዱ ማዶ አለፈች። ያላየችኝ መስሎኝ፣ ለማንም ሳልናገር ኖርሁ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነገርኋት። እናቴ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ዝም አለች።

«አይቼሃለሁ» አለች፤ «በማዶ ያለፍሁትም ለዚሁ ነው።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። እርሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ «በል ተነሥ፤ ቅዳሴው እንዳያመልጠን» አለችኝ።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ቅዳሴው ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ኮረብታውን ክንዴን ይዛ በዝግታ ወጣች። ስለ ሕንፃው ታሪክ ያነበብሁትን ልነግራት ብጀምር እንኳ አልሰማችኝም፤ ግድግዳውን በግንባሯ ተደግፋ ረጅም ጊዜ ጸለየች። ምን እንደጸለየች አልጠየቅኋትም።

ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘናቸው። እናቴ አላየቻቸውም፤ እኔ ስነግራት ግን «አቁም» አለች። ወርዳ ዋጋ ጠየቀች፤ ተወደደ ብላ ተከራከረች፤ በመጨረሻም ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ አንዱን ሸክም ገዛች። መኪናው የቆመው ከእነርሱ ራቅ ብሎ ነበርና እንጨቱን እኔ በጀርባዬ አነሣሁት። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገድሁ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«ጎንበስ በል እንጂ ልጄ» አለች እናቴ፣ ገመዱን በእጇ ዳስሳ እያጠበቀች፤ «እንጨት እንደዚህ ቀጥ ብለው አይሸከሙትም።»