ዘር

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ወለድ ብዙ ያውቃል። ገንዘብ በተቀመጠ ቁጥር መቼ እንደሚወልድ፣ ስንት እንደሚወልድም ከሠንጠረዥ አንብቦ ይናገራል። እኔም ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ሲወልድ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ማታ ማታ ደግሞ በዚያው እጄ ግጥም እጽፋለሁ፤ ቤት መምታት እንጂ ቤት መሥራት የማይችል ግጥም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ባልደረባዬ ሲመለስ ጥቂት ፖም ይዞልኝ መጣ። ከጨንቻ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ላይ የተቀመጠችው ጨንቻ በፖሟ የታወቀች ናት። ባለቤቴ አንዱን ፍሬ በወገቡ ቆርጣ ለሁለት ስትከፍለው፣ ከመካከሉ አምስት ክፍል ያለው ኮከብ ወጣ። በየክፍሉ ቡናማ ፍሬዎች ተኝተዋል። ለቅሜ ቆጠርኋቸው፤ ስምንት ናቸው።

«ምን ያደርጉልሃል? ጣላቸው እንጂ» አለችኝ።

አልጣልኋቸውም። ያን ጊዜ ከተጋባን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር። እናቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውልና፣ የጤናችንን ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ዘርህን ሳላይ እንዳልሞት» ትለኝ ነበር። ክፉ አስባ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቴ ከጎኔ ስለምትቀመጥ፣ ስልኩ ደግሞ ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ፣ ያቺ ቃል በቤታችን ውስጥ ከእሑድ እስከ እሑድ ሳትወጣ ትሰነብት ነበር። ዘር። ሰሙም ወርቁም እርሷው።

የፖም ዘር አፈር ስላገኘ ብቻ አይበቅልም። የአያት ቅድመ አያቱ አገር የካዛኪስታን ተራራ ነው፤ የዱር ፖም ዛሬም በዚያ ይበቅላል። በዚያ አገር ፍሬ በወደቀ ማግስት የሚበቅል ዘር ቢኖር በረዶ ይገድለው ነበር። ስለዚህ ዘሩ ረጅም ብርድ ካላለፈበት በቀር አይነቃም። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ክረምት የላትምና ክረምቱን እኔ ልሠራለት ግድ ሆነ። ስምንቱን ዘሮች በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣ በብርጭቆ ዕቃ ከድኜ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ አኖርኋቸው። ሦስት ወር ያህል እዚያው መሰንበት ነበረባቸው።

የባለቤቴ መርፌዎችም የሚቀመጡት በዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላትን በየማታው ሆዷ ላይ እወጋት ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ሁለታችንም በጨለማ ተነሥተን ማቀዝቀዣውን ላለመክፈት እንጠባበቃለን፤ እርሷ ስለ መርፌዋ፣ እኔ ስለ ሁለቱም። እንዲህ ስንጠብቅ፣ ከሁሉ በፊት የመርፌው ነገር አለቀ። አልሆነም። ሐኪሙ ደግመን ልንሞክር እንደምንችል ነገረን፤ እኛ ግን የቀረን ገንዘብም ልብም አልነበረም።

በሳምንቱ ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖቹን ልትጥል ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሳለ፣ «ና እስቲ እይ» ስትል ሰማኋት። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ወደ ታች ወርዷል። ቆመን አየነው። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ምን እንደምል ስላላወቅሁ ብርጭቆውን ይዤ ቆምሁ።

ከስምንቱ አምስቱ በቀሉ። በጣሳ አፈር ውስጥ አሳድገን፣ ክረምት ሲገባ በኪራይ በያዝናት ቤት ጓሮ ተከልናቸው። ደስታዬን ላካፍል መንገድ ዳር ለሚሸጡ አንድ አዛውንት ችግኝ ሻጭ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን አይመስልም፣ ልጄ። አበባው ከሌላ ዛፍ ነው የሚዳቀለው። ይጣፍጥ ይምረር ሳያፈራ አታውቀውም፤ ያውም ሰባት ስምንት ዓመት ጠብቀህ። ሰው የሚገዛው የተዳቀለውን ነው።» ከዚያም አንዱን ችግኝ አንሥተው ከሥሩ ከፍ ብሎ ያለውን እብጠት አሳዩኝ። ፍሬው ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ፣ በሌላ ችግኝ ጉቶ ላይ ተጣብቆ፣ ቁስሉ እስኪሽር ታስሮ የኖረበት ቦታ ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አወራሁላት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «የታሰረው ቀንበጥ፣ ሥሩ የራሱ እንዳልሆነ ያስታውቅበታል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ጠባሳው ጋ ትንሽ ያብጣል። ሌላ የሚታይ የለም» አልኋት።

ያን ሌሊት ማደጎ የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን ተነገረ። የተናገረችው እርሷ ናት። እኔ ስንት ዓመት በልቤ ይዤው፣ ያስቀየምኋት እየመሰለኝ ስውጠው የኖርሁት ቃል ነበር። ለካ እርሷም እኔን ፈርታ ኖሯል።

ለእናቴ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። «የማን ዘር ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ለአራት እሑድ ስልኳ አልጠራም። በአምስተኛው ሳምንት፣ ሳትነግረን፣ ድፎ ዳቦዋን ተሸክማ መጣች። ስለ ነገሩ አላነሣችም። ጓሮ ወጥታ ችግኞቹን አየች።

«ምንድን ነው?»

«ፖም ነው፣ እማዬ።»

«ምን ዓይነት?»

«ሳያፈራ አይታወቅም።»

በእጇ የያዘችውን የማስታጠቢያ ውኃ ትራፊ፣ አንዱን ሳታስበልጥ ለሁሉም እኩል አፈሰሰችላቸውና ገባች።

ከአምስቱ ዛሬ ሦስቱ በሕይወት አሉ፤ ረጅሙ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ማመልከቻችንም ገብቷል፤ ተራችንን እንጠብቃለን። መቼ እንደሚሆን፣ ምን እንደሚመስል የሚያሰላ ሠንጠረዥ ባንካችን የለውም። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ፍሬውን የሚበላው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህንንም ተስማምተንበታል። በዚህ ሰሞን የጻፍኋት አጭር ግጥም ይህች ናት፤

ዘሩን ብትጠይቁ እኔም አላውቀውም፣
ከማን እንደ መጣ አፈር አይጠይቅም፤
ውኃ ያጠጣ እጄ፣ ሌሊት የነቃ ዓይኔ፣
ከጥላው ሥር ቆመው ይላሉ «ወገኔ»።