መሐመድ ሞጌ፤ የሰፈር ቡድን ኪስና ነገው

ከጅግጅጋ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን እንሻገራለን፤ ከዚያም መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ተጉዘን ሐርጌሳ እንገባለን። አገሩ ደረቅ ነው። ግራሩ፣ ግመሉና አቧራው እስከ ከተማይቱ ደጃፍ ይሸኙናል። በመካከሏ የሚያልፈው የማሮዲ ጄህ ወንዝ ዝናብ ካልጣለ በስተቀር የአሸዋ ሜዳ ነው። በገበያው ውስጥ መንዛሪዎች የሺልንግ ኖት እንደ ጡብ ከምረው ተቀምጠዋል።

በመሐል አደባባይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት የከተማይቱን ታሪክ በዝምታ ይናገራል። በ1980 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከገዛ ከተማይቱ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደበደቧት። ከሞት የተረፈው ሕዝብ ብዙው ወደ አገራችን ተሰድዶ በሐርቲሼክ መጠለያ ሰፈረ። ሶማሊላንድ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ስደተኛው ተመልሶ ፍርስራሹን እንደገና ቤት አደረገው።

ከከተማይቱ ወረዳዎች አንዱ መሐመድ ሞጌ ይባላል። ስሙ የታዋቂው ድምፃዊ ነው፤ ዑዱን ይዞ ከሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች ጋር ተሰልፎ በ1970ዎቹ በውጊያ ላይ የወደቀ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ስም ተሸክሞ ሜዳ ለሚገባ የሰፈር ቡድን ስሙ ራሱ አደራ ነው። ይሁን እንጂ ስም ኳስ አይገዛም።

የሰፈር ቡድን ችግር የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ወጪውና ገቢው በአንድ ወቅት አለመገናኘታቸውም ጭምር ነው። ኳሱ፣ መለያው፣ ጫማውና የጉዞው ሒሳብ ውድድሩ ሳይጀመር በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። ገቢው ግን ከባለሱቁ፣ ከሾፌሩና በውጭ አገር ከሚኖረው ዘመድ በጠብታ ይመጣል። ጠብታውም የሚደርቅበት ጊዜ አለ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የዋሄን ገበያ በእሳት ሲጋይ ብዙ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ድካሙን በአንድ ሌሊት አጣ። የራሱን ሱቅ እንደገና ለማቆም የሚጥር ሰው ለመለያ መግዣ አዋጣ ቢባል ምን ይመልሳል?

ከላይ የሚወርድ እርዳታም የለም። ሶማሊላንድ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን አባል አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. በአብካዚያ በተደረገው የኮኒፋ የዓለም ዋንጫ ብትሳተፍም፣ ውድድሩ ፌዴሬሽኑ የማያውቃቸው ቡድኖች የሚገናኙበት ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ አንድ ተጫዋች በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው መቶኛ አምስቱ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የመሐመድ ሞጌ ልጅ ነገ ወደ ታላቅ ክለብ ቢሻገር ግን በአሸዋ ላይ ያሳደገው ቡድን ከዚህ ድርሻ የሚያገኝበት በር ዝግ ነው። ዘሩን የዘራው አንዱ፣ አዝመራውን የሚሰበስበው ሌላው ይሆናል።

ታዲያ ነገውን በምን ያቅድ? መልሱ ከሜዳው ይልቅ ከጓዳ ይገኛል ብለን እናምናለን። የሶማሌ እናቶች ሐግበድ የሚሉት ማኅበር የእኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ገንዘብ አያበዛም፤ የተበታተነውን ግን በሚፈለግበት ዕለት ያደርሳል። ሁለት መቶ ደጋፊዎች በየወሩ አንድ አንድ ዶላር ቢያዋጡ በዓመት 2,400 ዶላር ይሆናል። በሐርጌሳ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ስለሚልክ ሰብሳቢ በየደጁ መዞር አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ዕጣ ለቡድኑ ቢወጣለት መለያውና ኳሱ ውድድሩ ሳይጀመር ይገዛሉ። ከዚያም ሒሳቡ በየወሩ በግልጽ ይነበብ፤ ያዋጣ ሰው ሳንቲሙ የት እንደገባች ካላወቀ በሁለተኛው ዓመት እጁን ይሰበስባልና። ሦስተኛው ዕቅድ ታዳጊዎችን ማሳደግ ነው፤ ተጫዋች ለማስመጣት ገንዘብ የሌለው ቡድን ተጫዋቹን ከሰፈሩ ማፍራት አለበትና።

ውድ አንባብያን፣ እኛ በጦር ሰፈር የምንኖር ሰዎች ቡድናችንን ተቋም ስለሚደግፈው ይህ ጭንቀት ሩቅ ይመስለን ይሆናል። መቻልን የመሰለ ክለብ ከኋላው ሠራዊት አለው፤ የሰፈር ቡድን ግን ከኋላው ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። ሆኖም በየሰፈራችን ልጆቻችን ከጨርቅ በተሠራ ኳስ ይጫወታሉ፤ በየጓዳውም ዕቁብ የምትሰበስብ፣ ሒሳብ የማይጠፋባት እናት አለች። ለልጆቹ ቡድን ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ ከሜዳው ዳር አልፈን ወደ እርሷ እንመልከት።